ክረምት ሳይገባ ጣሪያችንን እንይ

በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው መገኘት ላልቻሉ እንዲደርስ በሰሌዳ የወጣ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጣሪያ ነው። አጀንዳው ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይተናል፤ «ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ ነው፣ ደግሞ ለእሱ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል ሐሳብ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ባለፈው ነሐሴ በታችኛው መንገድ በኩል ባለው አንድ ቤት የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮርኒሱ ውኃ አዝሎ ከነአቧራው ልጆች በሚተኙበት አልጋ ላይ ወረደ። ልጆቹ የተረፉት ብርድ ብሏቸው ወደ እናታቸው አልጋ ሄደው ስለነበር ብቻ ነው። በማግሥቱ የወጡት ጎረቤቶች ጣሪያው ላይ ያገኙት ቀዳዳ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚሰፋ አልነበረም። በጊዜው ቢታይ አንድ ቆርቆሮና ጥቂት ሚስማር ይበቃው ነበር፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ጥቅምት በዘመድ ቤት ከረመ፣ ግድግዳውን መልሶ ለማቆምም ሁላችንም ማዋጣት ግድ ሆነብን።

እንደሚታወቀው ከተማችን አዲስ አበባ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። የዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድበት 1,200 ሊትር ውኃ ተቀበለ ማለት ነው፤ ስድስት ሙሉ በርሜል። ይህ ሁሉ ውኃ የት ይገባል፣ በየት በኩል ይወርዳል ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ብዙዎቻችን ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ጉዳቱ ምንጣፍና ፍራሽ ማርጠብ ይመስለናል፤ ሳፋ ከሥሩ አድርገን እንተኛለን። ሳፋው ውስጥ የሚንጠባጠበው ግን የሚታየው ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። የሰፈራችን አብዛኛው ቤት የጭቃ ቤት መሆኑን አንዘንጋ። የጭቃ ቤት ጣሪያውን የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን በውስጡ የተተከለው እንጨት ነው፤ ጭቃው ልብሱ ነው። ውኃ ከጣሪያው ጠርዝ ሾልኮ በግድግዳው አናት ላይ ሲገባ፣ በቋሚዎቹ ጫፍና በላያቸው በተጋደመው ወራጅ መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ነፋስ አይደርሰውም፣ ፀሐይ አያየውም፤ ክረምቱን ሙሉ እንደ ረጠበ ይቆያል። እንጨቱ መበስበስ ይጀምራል፤ የረጠበና የበሰበሰ እንጨት ያገኘ ምስጥ ደግሞ ሌላ ምግብ አይፈልግም። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። በጣት ቆርቆር ሲያደርጉት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብላችሁ አናጢ የምትጠሩ ሁሉ፣ አናጢውን መጀመሪያ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዲያይ አድርጉት።

ይህ ችግር ለብሎኬት ቤትም አይቀርም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። በብሎኬት ቤት ጣሪያውን የሚይዘው ካፕሪያታና ሞራሌ እንጨት ከሆነ መበስበሱ ያው ነው፣ ብረት ከሆነ ደግሞ ዝገቱ አለ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ጣሪያን ማየት የሚጀመረው ከውስጥ ነው፤ መሰላል ለመፈለግ አትቸኩሉ። ፀሐይ በጠነከረች ጊዜ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ መስኮትና በሩን ዘግታችሁ ቤቱን አጨልሙና ቀና በሉ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ቦታውን በጠመኔ ወይም በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ ማታ ላይ «የቱ ጋ ነበር?» ማለት አይቀርምና። ኮርኒስ ያለው ቤት ግን ብርሃኑን ይደብቃል። እዚያ የሚታየው ዕድፉ ነው፤ ቡና የፈሰሰበት ነጠላ የሚመስል፣ ዳርና ዳሩ የጠቆረ ክብ። ክቡ በክብ ላይ ተደራርቦ ከታየ ያ ቦታ ከአንድ ክረምት በላይ አፍስሷል ማለት ነው። ኮርኒሱ በመኻሉ ጎብጦ ከሆነ ከሥሩ አትቁሙ፣ አልጋም ካለ አንሡ።

አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝልን እንፈልጋለን። ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታና ውኃ የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውኃ ከላይ ገብቶ በሞራሌው ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ወይም ቋጠሮ ሲያገኝ ነው የሚወርደው። በመሆኑም ከሚንጠባጠበው ነጥብ ትክክል በላይ ያለውን ቆርቆሮ መቀየር ገንዘብ መጣል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ነጥብ ወደ ላይ፣ ወደ ኮልሞው አቅጣጫ እየሄዱ መፈለግ ነው። ዘዴውም ቀላል ነው፦ በደረቅ ቀን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ሆኖ ከታች ከክፈፉ ጀምሮ በጆግ ውኃ ያፈስሳል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ሆኖ ያያል። ጥቂት ጠብቆ ካልገባ አንድ እርምጃ ወደ ላይ፤ እንደ ገና። ከላይ ቢጀመር ውኃው ሁሉንም እያረጠበ ስለሚወርድ ምንም አይታወቅም። የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ከውስጥ ያለው ሰው ይጮኻል። ልጆች ይህን ሥራ ስለሚወዱት ከውስጥ የሚቆመውን ሥራ ለእነሱ ስጧቸው፤ የላዩን ግን በፍጹም።

ደግሞ የሚንጠባጠብ ሁሉ ዝናብ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ የሚፈላው ድስት እንፋሎት፣ የተኛው ሰው ሁሉ ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ይህን አይተው «በበጋ የሚያፈስ ጣሪያ ምን ዓይነት ጉድ ነው» ብለው ደኅናውን ቆርቆሮ ያስነቀሉ አሉ። መድኃኒቱ አየር ነው፤ በክፈፉ ሥርና በሁለቱ ጫፍ አየር የሚወጣበት ክፍተት መተው፣ ክፍተቱንም አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን።

ከውስጥ ያለው ካለቀ በኋላ ከውጭ፣ ከመሬት ሳንለቅ እናያለን። ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ኮልሞውን ተመልከቱ፤ መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት። በመኻሉ ሰርጎ እንደ አህያ ጀርባ ከሆነ ችግሩ ቆርቆሮው ሳይሆን የተሸከመው እንጨት ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ሰው እንዳይወጣበት፣ ባለሙያ ይጠራ። ክፈፉ ከግድግዳው ምን ያህል ወጣ ብሏል? በጭቃ ቤት ወደ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ግድግዳውንም መሠረቱንም ያድናል። አሸንዳውስ? አሸንዳ ሲሞላ ውኃው ወደ ውጭ ብቻ አይፈስስም፤ ወደ ግድግዳውም ይመለሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ የልጆች ኳስ ሁሉ እዚያ ይገኛል። በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ አንድ ጊዜ መጥረግ ነው።

የአሸንዳ ነገር ከተነሣ ጎረቤትን እናንሣ። የአንዱ ጣሪያ ውኃ በሌላው ግድግዳ ላይ እንዲወርድ ማድረግ በሰፈራችን ስንት ጠብ እንዳመጣ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ያውቃል። ውኃውን ወደ ቦይ የሚወስድ መውረጃ ማድረግ ከክርክሩ ይረክሳል። በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር በመደዳ የምንኖር ደግሞ ባለቤትነታችን ይለያይ እንጂ ዝናቡ አይለያየንም፤ የጎረቤቴ ቆርቆሮ ሲላቀቅ ነፋሱ ከእኔም ሥር ይገባል። መደዳ ቤቶች ምርመራውንም ጥገናውንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ባለሙያ ቢያደርጉት ወጪው ይቀላል፣ መጋጠሚያውም ያምራል። በቀበሌ ቤት የምትኖሩ ጥገና ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁ ቤትም ቢሆን ጣሪያውን በሙሉ ለማንሣት ካሰባችሁ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሥራው ተጀምሮ ቢቋረጥ ቤቱ ክፍቱን ያድራል።

አሁን ወደ ላይ ለመውጣት ደረስን፤ ነገር ግን ከመውጣት በፊት ስለ መብራት። ከምሰሶ ወደ ቤታችን የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው። የሽቦው ልባስ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከሆነና ከቆርቆሮው ጋር ከተነካካ፣ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቆርቆሮ ሲነኩ ነዘር የሚያደርግ፣ በዝናብ ጊዜም የሚብስ ከሆነ፣ ማንም አይውጣ፤ መብራት ኃይልን ጥሩ። ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ከቆጣሪው በታች ያለውን ማጥፋት ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለውን ሽቦ አያጠፋውም። ያ ሽቦ ሁልጊዜ በሕይወት አለ። «አጥፍቻለሁ» ብሎ በእጅ መግፋት ነፍስን ማስያዝ ነው።

ሰው የሚወጣው በደረቅ ቀን፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ነው። መሰላሉ አራት ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፤ አናቱ ይታሰር፣ ሥሩን ሰው ይያዝ። ጣሪያው ላይ የሚረገጠው ሚስማር የተመታበት መስመር ነው፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ስለሆነ። በሁለት መስመር መኻል ያለ አሮጌ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ነው። ሳንቃ አጋድሞ በላዩ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ብቅልና ድርቆሽ ለማስጣት እናቶች እንደሚወጡ፣ ወጣቶችም ዲሽ ለማዞር እንደሚወጡ እናውቃለን፤ ለእነሱም ሕጉ ያው ነው።

ላይ ከተደረሰ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ሚስማሩ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር መመታት ያለበት በእብጠቱ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አለ ብላችሁ አታምኑ ይሆናል፤ ግን በሰፈራችን ብዙ ጣሪያ ላይ ይታያል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ተመትቶ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩን ይለቃል፤ ነፋስ ቆርቆሮውን ባነሣው ቁጥርም ሚስማሩ ትንሽ በትንሹ ብቅ ይላል። ብቅ ያለውን ሚስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት የአንድ ሳምንት መፍትሔ ነው። ከአጠገቡ ባለው እብጠት ላይ አዲስ ሚስማር ከነጎማው ይመታ፣ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈን።

ቀጥሎ መደራረቡ ነው። በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል እብጠት፣ በቁመት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለበት፤ ተዳፋቱ ትንሽ ከሆነ 20 ይሁን። ለቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል መደራረቡን ማሳጠር በነፋስ የሚገፋ ዝናብን ወደ ቤት መጋበዝ ነው። ኮልሞው ከሁለቱም በኩል ጠበቅ ብሎ መቀመጡ፣ ጣሪያውና ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው የላሜራ ልባስ አለመላቀቁ፣ የማድ ቤት ጭስ መውጫ ዙሪያውም መደፈኑ ይታይ። አብዛኛው የሚያፈስስ ጣሪያ የሚያፈስሰው ከእነዚህ መጋጠሚያዎች ነው፤ ከቆርቆሮው መኻል አይደለም።

ስለ ዝገት ትንሽ እንበል። ቆርቆሮ ማለት ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው ራሱ ቀድሞ እየተበላለት ነው፤ ስለዚህ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ስታዩ ዚንኩ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ቀይ ስታዩ ግን ዚንኩ አልቆ ተራው የብረቱ ሆኗል። ቀዩ ገና ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት ዕድሜውን ያራዝመዋል። ሳይፈቅፉ በዝገት ላይ ሬንጅ መለቅለቅ ግን ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የሚፈረፈር ቆርቆሮ ቀለም አይፈውሰውም፤ ይቀየር። የረጠበ ቅጠል፣ የተረሳ ጨርቅ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ፣ እነዚህ ሁሉ ዚንኩን ይበሉታል። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ የሚጫነው ድንጋይና ጎማም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ውኃ ይቋጥራል። የሚነሣ ቆርቆሮ ሚስማር ነው የሚፈልገው።

ሮቶ ጣሪያ ላይ ስለማስቀመጥ የሚጠይቁን አሉ። 1,000 ሊትር ውኃ 1,000 ኪሎ ነው፤ አሥር ኩንታል ማለት ነው። ለአሥር ኩንታል ተብሎ ያልተሠራ ካፕሪያታ ላይ አይቀመጥም። የራሱ የብረት ማማ ይሠራለት።

አዲስ ቆርቆሮ ለምትገዙ፦ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ሁለቱን አስመዝናችሁ አወዳድሩ፤ ሚዛን አይዋሽም። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ መግዛት ነውር አይደለም፣ አቅም ያስገድዳል፤ ነገር ግን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ በአንድ በኩል እዩት፣ የድሮው የሚስማር ቀዳዳ ብርሃን ያሳያል። በበሰበሰ ቆርቆሮ ላይ አዲስ መደረብን ግን አንመክርም፤ ከሥር ያለውን የእንጨት በሽታ ይሸፍነዋል፣ ክብደትም ይጨምራል።

በክረምት ዋዜማ በየበሩ እያንኳኩ «ጣሪያችሁ ተነሥቷል፣ ልይላችሁ» የሚሉ አሉ። ከእነሱ መኻል ጨዋ ሠራተኛ አይጠፋም። ነገር ግን ብቻውን ወጥቶ፣ ብቻውን አይቶ፣ ክፉ ወሬ ይዞ የሚወርድን ሰው በቃሉ ብቻ አትመኑ። ከቤቱ ሰው ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው አብሮ ይይ፤ ካልሆነ በሞባይል ፎቶ አንሥቶ ያሳያችሁ። የነቀለውን አሮጌ ቆርቆሮና ሚስማር ከግቢ ይዞ እንዳይወጣ ንገሩት። ዋጋው፣ የቆርቆሮው ብዛትና ጌጅ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን በወረቀት ይስፈር፤ ሁለት ጎረቤት ምስክር ይሁን። ከክፍያው ጥቂቱ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ ይቆይ። በሥራው የሚተማመን ሰው በዚህ አይከፋም።

በመጨረሻም ስለ ማኅበራችን ውሳኔ። ከግንቦት 20 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ፣ በሰፈራችን የሚኖሩ ሁለት አናጢዎችና ከወጣቶች የተመረጡ አራት ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጣሪያ ያያሉ። የሚጀምሩት ብቻቸውን ከሚኖሩ አረጋውያንና ሕመምተኛ ካለባቸው ቤቶች ነው። ለማየት ክፍያ የለም። አቅም ለሌላቸው ቤቶች ሚስማርና እስከ ሦስት ቆርቆሮ ከማኅበሩ ገንዘብ ይሸፈናል፤ የሥራ ጉልበቱን ወጣቶቹ ይሰጣሉ።

አንዳንድ አባላት ይህ ነገር እንደከበዳቸው ሰምተናል። ሰው ቤቴን አየው፣ ድህነቴን ቆጠረው የሚል ስሜት ነው። እናከብረዋለን፤ ማናችንም የሳፋችንን ቁጥር ለሰፈር ማስቆጠር አንወድም። ስለዚህ ተመልካቾቹ የሚጽፉት ወረቀት ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል፤ የማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚገባው የቤት ቁጥሩና «ታይቷል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። በሰሌዳ የሚለጠፍ ስም አይኖርም። የማይፈልግ ሰው በሩን ቢዘጋ አይወቀስም፤ ሐሳቡን ከለወጠ ግን እስከ ሰኔ ሚካኤል ጊዜ አለው።

ጣሪያቸውን ራሳቸው ማየት ለሚፈልጉ የማኅበሩ ረጅም መሰላልና ሁለት ሳንቃ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ማግኘት ይቻላል፤ በዚያው ቀን ማታ ይመለሳል። አጭሩ መሰላል ከፋሲካ ጀምሮ አልተመለሰም። የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃልና እስከ እሑድ እንዲያመጣው በትሕትና እናሳስባለን።